«ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እኔ ብቻ ነኝ»፦ ስለ ውጭ አገር ትምህርት ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ጥያቄዎች

የዚህ እትም ጥያቄዎች ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከአካባቢው የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ከቤተሰባቸው ዩኒቨርሲቲ የረገጡ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ሲሆኑ፣ አንዱ የልጃቸው ነገር ያሳሰባቸው አባት ናቸው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገን፣ ስምና አድራሻ አስቀርተን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ውጤቴ 3.41 ነው። አባቴ የቀን ሠራተኛ ነው፤ እናቴ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ማስተርሴን ውጭ መማር እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ ግን «መጀመሪያ ተመረቅ፣ ከዚያ ትደርስበታለህ» ይሉኛል። መቼ ልጀምር?

መልስ፦ አሁን ጀምር። የጓደኞችህ ምክር አንድ ዓመት ያስከፍልሃል። በመስከረም ለሚጀምር ትምህርት ማመልከቻው የሚከፈተው በአብዛኛው ካለፈው መስከረም እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ሰኔ ላይ ተመርቀህ ልትነሳ ስትል የዚያ ዓመት በር ተዘግቷል። የምታመለክተው ለቀጣዩ ነው፤ የምትሄደውም ከተመረቅህ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተህ ነው።

ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የመጨረሻ ዓመት ተማሪን ይቀበላሉ። የሚጠይቁህ እስካሁን ያለህን ውጤት የያዘ ስቱደንት ኮፒና «በዚህ ወር ይመረቃል ተብሎ ይጠበቃል» የሚል የሬጅስትራር ደብዳቤ ነው። የሚሰጡህ ቅበላ ግን ቅድመ ሁኔታ ያለበት ነው። የመውጫ ፈተናውን 50 በመቶ ካላመጣህ ዲግሪው የለም፤ ዲግሪው ከሌለ ስኮላርሺፑም ይቀራል። ስለዚህ የማመልከቻውን ሥራ ጥር ላይ ጨርሰህ የቀረውን ጊዜ ለፈተናው አውለው።

ላንተ የሚሆኑትን እንጥቀስ። ኢራስመስ ሙንዱስ ቢያንስ ሁለት አገር ውስጥ የሚማሩበት ማስተርስ ነው። ክፍያውን ይሸፍናል፣ በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር ይሰጣል። የአውሮፕላን ትኬቱም ቪዛውም ከዚያው 1,400 የሚወጣ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። አንድ ማዕከላዊ ማመልከቻ የለውም፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ድረ ገጽና የራሱ ቀን አለው። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ በየዓመቱ ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 (በፈረንጅ ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 20) ክፍት ነው። ለማስተርስ ዕድሜ ከ30 በታች፣ ውጤት ቢያንስ 75 በመቶ ይጠይቃል። ትኬት፣ መኝታ፣ የጤና መድንና የወር ገንዘብ አለው፤ አንድ ዓመት ቱርክኛ ስለሚያስተምሩ ግን የሁለት ዓመቱ ማስተርስ ሦስት ዓመት ይሆናል። የሃንጋሪው ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም የሚዘጋው ጥር መጀመሪያ አካባቢ ነው። እዚያ ድረ ገጹ ላይ መሙላት ብቻ አይበቃም፣ ከላኪው አገር በኩል ዕጩ ሆኖ መቅረብም ያስፈልጋል፤ የትምህርት ሚኒስቴርን ማስታወቂያ በዚያ ሰሞን በየቀኑ ተመልከት። የቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ በኤምባሲው ወይም በቀጥታ በዩኒቨርሲቲው በኩል ይገባል፤ ለማስተርስ ከ35 ዓመት በታች መሆን ይጠበቅብሃል። በቻይናው ሰው የሚወድቀው በጤና ምርመራው ቅጽ ነው። አንድ ሳጥን ባዶ ከቀረ ወይም የሆስፒታሉ ማኅተም ፎቶው ላይ ካላረፈ ቅጹ ዋጋ የለውም። ምርመራው የሚያገለግለውም 6 ወር ብቻ ነው፤ ቀድመህ አታሠራው።

ጊዜህን የማታጠፋባቸውም አሉ። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ 2,800 ሰዓት፣ ማለትም ሁለት ዓመት ገደማ የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ሠርተህ ትመለስበታለህ። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ በየቴሌግራም ቻናሉ ይለጠፋል፤ ኢትዮጵያ ግን የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች እኛን አይመለከትም።

ስለ መዝጊያ ሰዓት አንድ ነገር። አውሮፓውያን በክረምታቸው «14:00» ብለው ሲጽፉ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። መብራትና ኔትወርክ የሚሄዱበት አገር ላይ ሆኖ የመጨረሻዋን ቀን መጠበቅ ቁማር ነው። ከ7 ቀን በፊት አስገባ፣ የማረጋገጫ ኢሜይሉን ስክሪንሹት አድርገህ አስቀምጥ።

ጥያቄ፦ ደሴ ነው የምኖረው። የአባቴ ስም መሐመድ ነው። የ12ኛ ክፍል ካርዴ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት፣ ዲግሪዬ ላይ ሌላ፣ ፋይዳዬ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ተጽፏል። የልደት ዘመኔም አንዱ ላይ በአንድ ዓመት ይበልጣል። ፓስፖርት ገና አላወጣሁም። ችግር ያመጣብኛል?

መልስ፦ ያመጣብሃል፤ ነገር ግን አብሽር፣ ፓስፖርት ሳታወጣ መጠየቅህ ግማሹን ሥራ አቅልሎልሃል። ወሎ ውስጥ ከሚደርሱን ጥያቄዎች ይህን የሚያህል የለም። መሐመድ በላቲን ፊደል በአንድ «ኤም»ም በሁለትም፣ በ«ኦ»ም በ«ዩ»ም ይጻፋል፤ መጨረሻውም አንዴ «ኢ» አንዴ «ኤ» ነው። ሰይድም፣ ይማምም፣ ጦይባም እንደዚያው ናቸው። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኤምባሲው ኮምፒውተር ግን ሦስት።

መጀመሪያ አንድ ወረቀት ላይ ያሉህን ማስረጃዎች በሙሉ ደርድር፦ የ12ኛ ካርድ፣ ዲግሪ ወይም ቴምፖ (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃ)፣ ትራንስክሪፕት፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ ፋይዳ። ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ሙሉ ስምህንና የልደት ቀንህን ልክ እንደተጻፈው፣ ፊደል በፊደል ገልብጥ። ከዚያ አንዱን ዋና አድርገህ ሌሎቹን ወደሱ አምጣ። የእኛ ምክር የ12ኛ ክፍል ካርድህን ዋና እንድታደርግ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም የመዘገበህ በሱ ነው፣ ለመቀየርም ከሁሉም እሱ ያስቸግራል። ዲግሪው ከካርዱ ከተለየ ካርዱን ይዘህ ለሬጅስትራሩ የእርማት ማመልከቻ አስገባ። ፋይዳውን ከፓስፖርቱ በፊት አስተካክል፤ ፓስፖርት ሲወጣ የሚታየው የፋይዳ መረጃ ነውና በስህተቱ ላይ ሌላ ስህተት እንዳትደርብበት። የልደት ሰርተፍኬቱን ከቀበሌ ስታወጣ የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ ራስህ በወረቀት ጽፈህ ስጣቸው። ጸሐፊው እንደመሰለው እንዲጽፍ አትተውለት። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ የፓስፖርት ቀጠሮ በኢንተርኔት ያዝ፤ ደሴ ቅርንጫፍ ስላለ ለዚህ አዲስ አበባ መውረድ አያስፈልግህም።

ፓስፖርታቸውን አስቀድመው ያወጡ አንባቢዎችስ? ልዩነቱ የፊደል ብቻ ከሆነ «ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን እናረጋግጣለን» የሚል ደብዳቤ አጽፎ፣ አስተርጉሞና አረጋግጦ ከመጀመሪያው ማመልከቻ ጋር ማያያዝ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከተጠየቁ በኋላ ሲያመጡት ግን ጥርጣሬ ይፈጥራል። የስሙ ለውጥ ከፊደል አልፎ ሌላ ስም ከሆነ ጉዳዩ የፍርድ ቤት ነው።

የልደት ዘመኑ የበለጠው ከቀን አቆጣጠር ቅየራ ሊሆን ይችላል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ የተወለደ ሰው የሚጨምረው 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን የተወለደ 8። ታኅሣሥ 10 ቀን 1994 የተወለደ በፈረንጅ ዲሴምበር 19 ቀን 2001 ነው። ጥር 10 ቀን 1994 የተወለደ ደግሞ ጃንዋሪ 18 ቀን 2002። ለሁሉም 8 እየጨመረ የሚሞላ ጸሐፊ የታኅሣሡን ልጅ አንድ ዓመት ያሳንሰዋል። ወሩንና ቀኑን ሳይቀይር ዓመቱን ብቻ የሚቀይርም አለ። የዕድሜ ገደብ ባለበት ስኮላርሺፕ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቅጽ ስትሞላ «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሳጥን ያደናግርሃል። የፓስፖርትህን የፎቶ ገጽ ግርጌ ተመልከት፤ ሁለት መስመር የኮምፒውተር ጽሑፍ አለ። በላይኛው መስመር ከአገር ኮዱ ቀጥሎ፣ ከሁለቱ ተከታታይ የቀስት ምልክቶች በፊት ያለው የቤተሰብ ስም ነው፤ ከምልክቶቹ በኋላ ያለው መጠሪያ ስም። ሁሉም ቅጽ ላይ እንደዚያው ሙላ።

ጥያቄ፦ በ2015 ዓ.ም. ተመርቄ የግል ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ኮስት ሼሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራት ዕዳ) ከፍዬ አልጨረስኩም፤ በእጄ ያለው ቴምፖና ስቱደንት ኮፒ ነው። ኦፊሻል (ዩኒቨርሲቲው አሽጎ የሚሰጠው ትራንስክሪፕት) ከሌለኝ ማመልከት አልችልም?

መልስ፦ ማመልከት ትችላለህ። በማመልከቻ ደረጃ የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ ስካን የተደረገ ቅጂ ስለሆነ ቴምፖና ስቱደንት ኮፒ ይሠራሉ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕትና ዋናው ዲግሪ የሚፈለጉት ቅበላው ከመጣ በኋላ፣ ለምዝገባና ለቪዛ ነው። ከቅበላ እስከ ቪዛ ያለው ጊዜ ግን አጭር ስለሆነ የኮስት ሼሪንጉን ነገር ዛሬ ጀምረው።

ዕዳው የተሰላው ከትምህርት ወጪው 15 በመቶ፣ ከምግብና ከመኝታው ሙሉውን አድርጎ ነው፤ በየዓመቱ የፈረምክበት ውል ላይ አለ። ደመወዝተኛ ከሆንክ አሠሪህ ከወር ገቢህ ቢያንስ 10 በመቶ እየቆረጠ ገቢ ማድረግ ነበረበት። መጀመሪያ ፋይናንስ ክፍሉን «ሲቆረጥብኝ ነበር ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ተቆርጦ ከሆነ የወሮቹን ዝርዝርና ገቢ የተደረገበትን ደረሰኝ የያዘ ደብዳቤ አጽፍ። ይህ ደብዳቤ የሌለው ሰው የከፈለውን ሁለተኛ ሊከፍል ይችላል። ቀጥሎ ከሬጅስትራር የቀሪ ዕዳ ማስረጃ ወስደህ በገቢዎች ቅርንጫፍ ወይም በሚነግሩህ የባንክ ሂሳብ ክፈል፣ ደረሰኙን ሁለት ኮፒ አድርገህ ዋናውን ይዘህ ተመለስ። በመንግሥት ምደባ መምህር የሆኑ ዕዳቸውን በአገልግሎት የሚወጡበት አሠራር ስላለ እነሱ የሚያመጡት የአገልግሎት ደብዳቤ ነው።

ኦፊሻሉን ስታዝዝ አንድ አታዝዝ፤ ሦስት ወይም አራት አድርገው። በታሸገ ፖስታ ይሰጥሃል፣ ማሸጊያው ላይ ማኅተም አለ። ከከፈትከው ስቱደንት ኮፒ ሆነ ማለት ነው። ዲግሪው ለኤምባሲ የሚሄድ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ጠብቅ፦ መጀመሪያ በትምህርት መሥሪያ ቤቱ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ መጨረሻ ኤምባሲው። አንዱን የዘለለ ከመስኮቱ ይመለሳል። 400 ኪሎ ሜትር እየተመላለሱ መንገድ ተዘጋ አልተዘጋ ከማለት ይልቅ ደሴ ውልና ማስረጃ ሄደህ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ውክልና ስጥ። ውክልናው ላይ «የትምህርትና የግል ሰነዶቼን እንዲያረጋግጥ፣ እንዲቀበልና እንዲፈርም» የሚለው በግልጽ ይጻፍበት፤ ጥቅል ውክልና አንዳንድ መስኮት ላይ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ሰኞ ገበያ ነጋዴ ነኝ። እኔም እናቱም አልተማርንም። ልጄ 12ኛ ተፈትኖ ማለፊያ አላመጣም። አንድ ኤጀንት «75 በመቶ ስኮላርሺፕ አግኝቷል» ብሎ ቆጵሮስ ካለ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ደብዳቤ አሳየን። ቅድሚያ 150 ሺህ ብር ይላል። ከብት ሸጠን እንክፈል?

መልስ፦ አባታችን፣ ከብቱን አይሽጡ። ቢያንስ ቀጥሎ ያለውን ሳያጣሩ አይሽጡ።

«75 በመቶ ስኮላርሺፕ» የሚሉት ብዙውን ጊዜ የዋጋ ቅናሽ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከፍ አድርጎ የጻፈውን ዋጋ ለሁሉም ቀንሶ ያቀርባል፣ ቀሪውን 25 በመቶ በየዓመቱ በዩሮ እርስዎ ይከፍላሉ። መኝታው፣ ምግቡ፣ መድኑ፣ የመኖሪያ ፈቃድ እድሳቱ በውስጡ የሉም። ኤጀንቱን የአራቱን ዓመት ድምር በጽሑፍ ይጠይቁት። ለመጻፍ ካቅማማ መልሱን አገኙ። ሁለተኛው ጥያቄ ዩኒቨርሲቲው ያለው በደሴቲቱ በየትኛው ክፍል ነው የሚለው ነው። ሰሜኑን ክፍል እንደ አገር የምታውቀው ቱርክ ብቻ ናት። ልጅዎ እዚያ ቢታመም፣ ቢታሰር ወይም ገንዘብ ቢያልቅበት የሚደርስለት ኤምባሲ አያገኝም።

እውነተኛ ሙሉ ስኮላርሺፕ በደብዳቤው ላይ ክፍያው፣ መኝታውና የወር ገንዘቡ በቁጥር ተጽፎ ይመጣል። የመንግሥታቱ ስኮላርሺፖች ማመልከቻ በነጻ ነው። ክፍያ ካለም የሚከፈለው በዩኒቨርሲቲው ስም ላለ ሂሳብ እንጂ ለግለሰብ አይደለም። አሁኑኑ ሊያዩት የሚችሉት ሌላ ነገር አለ፦ ማመልከቻው የተሞላው በማን ኢሜይል ነው? ልጅዎ የራሱ የይለፍ ቃል ከሌለው መልስ ሲመጣ የሚያነበው ኤጀንቱ ነው። እምቢ ቢባልም አይነግሯችሁም።

ደግሞ ማለፊያ ሳያመጣ ውጭ የተማረ ልጅ ተመልሶ ሲመጣ ዲግሪው በአገራችን መመዘን አለበት። ይህን የሚያደርገው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። «በዚህ ውጤት የገባ ዲግሪ ትመዝናላችሁ?» ብላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ልጁ አሁን ሊሄድበት የሚችለው መንገድ በግል ተፈትኖ ማሻሻል ወይም እዚያው ደሴ ወይዘሮ ስሂን ፖሊ ቴክኒክ ሙያ መያዝ ነው። በእኛ ግምት 150 ሺህ ብር ለኤጀንት ከማስገባት በኤሌክትሪክ ወይም በአውቶ መካኒክ የሚገባ ሙያ መያዝ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጣሊያን በቤተሰብ ገቢ ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ ሲባል ሰማሁ። እኛ ገቢያችን ዝቅተኛ ነው፤ ቀበሌ ደብዳቤ ከጻፈልኝ ይበቃል?

መልስ፦ የሰማሽው እውነት ነው። ለድሃ ቤተሰብ ልጅ ከዚህ የተሻለ መንገድ ጥቂት ነው ብለን እናምናለን፤ ውጤት ሰማይ ካልነካ አይባልምና። የጣሊያን ክልሎች ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የቤተሰብን ገቢና ንብረት አይተው የትምህርት ክፍያ ይሰርዛሉ፣ ገንዘብ፣ መኝታና የካፌ ምግብ ይሰጣሉ። ቅበላው አንድ ማመልከቻ ነው፤ ስኮላርሺፑ ሌላ። ዩኒቨርሲቲው ተቀበለሽ ማለት ስኮላርሺፕ አገኘሽ ማለት አይደለም። የክልሉን ጥሪ ለብቻው ተከታትለሽ፣ ብዙ ጊዜ በበጋቸው (ከሐምሌ እስከ መስከረም) ትሞያለሽ።

የቀበሌ ደብዳቤ ይበቃል ወይ ላልሽው፣ «ዝቅተኛ ኑሮ የሚኖሩ ናቸው» የሚል ደብዳቤ አይበቃም። የሚፈለጉት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ የቤተሰብ ብዛት፦ አብረው የሚኖሩ ሁሉ በስም፣ በዕድሜና በዝምድና። ሁለተኛ ገቢ፦ ዕድሜው ከ18 በላይ የሆነ እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በጥሪው በተጠቀሰው ዓመት ያገኘው፣ በብር ቁጥር። ገቢ የሌላት እናት «ገቢ የላትም» የሚል የራሷ ማስረጃ ያስፈልጋታል። ሦስተኛ ንብረት፦ ቤት ካላችሁ ስፋቱ በካሬ ሜትር፣ ከሌላችሁ የሌላችሁ መሆኑ፤ የባንክ ቀሪ ሂሳብም በፈረንጅ ዲሴምበር 31 የነበረው።

ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ጥሪው የሚጠይቀው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ያለውን ገቢ ነው፤ የእኛ ግብር መሥሪያ ቤት የሚጽፈው ግን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ያለውን በጀት ዓመት ነው። «2016 ዓ.ም.» የሚል ወረቀት ተተርጉሞ «2016» ተብሎ ሲቀር ጣሊያኑ የስምንት ዓመት አሮጌ ማስረጃ ያመጣሽ ይመስለዋል። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ ወራቱ በሁለቱም አቆጣጠር እንዲጻፉ ለምኚ፤ ተርጓሚውንም አሳስቢው። ሌላው ችግር የሁሉንም ሰው ገቢ ዜሮ ማስጻፍ ነው። አምስት ሰው ያለ ምንም ገቢ ዓመቱን እንዴት እንደኖረ ይጠይቁሻል። አባትሽ በቀን ሥራ የሚያገኙት፣ አጎትሽ ከጅዳ የሚልከው፣ ከእርሻው የሚገባው እህል ተገምቶ እውነቱ ይጻፍ። ገደቡ ለእኛ ገቢ ከበቂ በላይ ሰፊ ስለሆነ መዋሸት የሚጠቅምሽ ነገር የለም።

ሰነዶቹ ተተርጉመውና ተረጋግጠው አዲስ አበባ ያለውን የጣሊያን ኤምባሲ ማለፍ አለባቸው። ወረፋው ረጅም ነው፤ ከጥር ጀምረሽ ብታወጪያቸው ቸኮልሽ አይባልም። ለቪዛው ደግሞ የዓመት መተዳደሪያ ማሳየት ይጠየቃል።

ከሄድሽ በኋላ ሁለት ነገር እወቂ። የመጀመሪያው የገንዘብ ክፍያ ከምዝገባ በኋላ ወራት ቆይቶ ነው የሚገባው፤ መኝታና የካፌ ካርድ ቀድሞ ቢመጣም የኪስ ገንዘብ የሌለሽ ወራት ይኖራሉ። ሁለተኛው፣ በብዙ ክልሎች በመጀመሪያው ዓመት እስከ ኦገስት 10 ድረስ 20 ክሬዲት ማምጣት ግዴታ ነው። ካልሞላ ቀሪው ክፍያ ይቆማል፤ ለማሟያ የሚሰጠው ተጨማሪ ጊዜ ካለፈም የወሰድሽውን መልሺ ሊሉሽ ይችላሉ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ቢያንስ ሁለት ቀለል ያሉ ኮርሶች ጨርሺ።

ጥያቄ፦ ሞቲቬሽን ሌተር (ለምን መማር እንደምፈልግ የምገልጽበት ደብዳቤ) ላይ ድህነታችንን ልጻፍ? የድጋፍ ደብዳቤስ መምህሩ «ራስህ ጽፈህ አምጣ» አለኝ።

መልስ፦ የቤተሰብህን ሁኔታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ፣ ከዚያ ወደ ሥራህ እለፍ። «ከድሃ ቤተሰብ ተወልጄ ብዙ መከራ አይቼ» የሚለውን አንባቢው በዚያ ቀን ስንት ጊዜ አንብቦታል። ይልቅ እንዲህ በል፦ «እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሱቃችንን የዱቤ መዝገብ የምይዘው እኔ ነበርኩ።» ይህ ስላንተ ይናገራል። ሁለተኛው አንቀጽ የመመረቂያ ፕሮጀክትህን ይያዝ፦ ምን ለካህ፣ በምን መሣሪያ፣ ምን ያህል ውጤት አገኘህ፣ የትኛውን መለካት አልቻልክም። የማቅለሚያ ፍሳሽ ላይ ከሠራህ ቦርከና ወንዝን ጥቀስ፤ ከዚያ ያልቻልከውን የሚያስተምር ኮርስ ከፕሮግራሙ ዝርዝር ውስጥ በስሙ ጥራ። ለአምስት ዩኒቨርሲቲ አንድ ደብዳቤ የላከ ሰው የሚታወቀው በዚህ ነው፤ የሌላውን ዩኒቨርሲቲ ስም ሳያጠፋ የሚልክም አለ።

ለመምህሩ ሙሉ ደብዳቤ ጽፈህ አትውሰድ። ያንተና የመምህራኑ ደብዳቤዎች በአንድ እጅ እንደተጻፉ አንባቢው ይለየዋል። በምትኩ አንድ ገጽ ማስታወሻ ስጣቸው፦ በየትኛው ኮርስ እንዳስተማሩህ፣ ምን እንዳገኘህ፣ የፕሮጀክትህን ርዕስ፣ የሚዘጋበትን ቀን። ሦስት ሳምንት ቀደም በል። ኢሜይላቸው የዩኒቨርሲቲው ይሁን፤ ብዙ ቅጾች የግል ጂሜይልን አይቀበሉም። ሊንኩ ወደ ስፓም ስለሚገባ በላክህ ማግስት በአካል ሄደህ «ደረሰዎት ወይ መምህር?» ብለህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ሲጂፒኤዬ 2.74 ነው። ተስፋ አለኝ?

መልስ፦ ቱርክ (75 በመቶ) ይዘጋብሃል፤ ጊዜህን አታባክንበት። የኮሪያ መንግሥት ስኮላርሺፕ 80 በመቶ ቢልም በራሱ የነጥብ ሰንጠረዥ ከ4.0 2.64 ስለሚበቃ በሩ አልተዘጋብህም። ጣሊያን ዝቅተኛ ነጥብ የማያስቀምጡ ፕሮግራሞች አሉ። የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ስኮላርሺፕ የተማሪውን የኑሮ ሁኔታ ያያል፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከአጋሮቹ ውስጥ ናቸው፣ ውጤትም ግን ይመለከታሉ። ሁለት ዓመት በሙያህ ሠርተህ ማመልከት ከዛሬው ማመልከቻህ በጣም ይሻላል።

ጥያቄ፦ አይኤልቲኤስ (የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና) ለመፈተን ገንዘቡ የለኝም። ያለ እሱ ይሆናል?

መልስ፦ ብዙ ቦታ ይሆናል። ከሬጅስትራር «የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር» የሚል ደብዳቤ አውጪ። ጣሊያን፣ ቻይናና ሃንጋሪ ውስጥ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይቀበሉታል። ፈተናውን ከመክፈልሽ በፊት የፕሮግራሙን ገጽ አንብቢ፣ ካልገባሽ በኢሜይል ጠይቂ። የግድ ከሆነ ዱዎሊንጎ ቤት ውስጥ በኮምፒውተር የሚፈተኑት ርካሹ ነው። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ግን ይቋረጣል፤ ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕና የሞባይል ዳታ አዘጋጂ፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው አይግባ። አይኤልቲኤስ የሚያገለግለው 2 ዓመት ነው፤ የትም ሳታመለክቺ አትፈተኚ።

ጥያቄ፦ ኢራስመስ አግኝቻለሁ። ቤተሰቤ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ገንዘብ እንደምልክ ያስባል። ታናናሾቼን እንዳስተምርም ይጠብቃሉ። እንዴት ልበላቸው?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለህ። ከመሄድህ በፊት ሂሳቡን ወረቀት ላይ አስቀምጠህ አሳያቸው፤ ስልክ ላይ ስትነግራቸው «ተለወጠ» ይሉሃል። 1,400 ዩሮ በብር ሲመነዘር ትልቅ ቁጥር ነው፤ የሚወጣው ግን በዩሮ ነው። ለምሳሌ ኪራይ 450፣ ምግብ 250፣ ትራንስፖርትና ስልክ 80፣ ልብስና መጽሐፍ 70 ብትል የሚቀረው 550 ነው። ከዚያ የክረምትና የመጨረሻውን ትኬት፣ በሴሚስተር አገር ስትቀይር የሚወጣውን ታነሳለህ። የመጀመሪያው ክፍያ ደግሞ የባንክ ሂሳብ እስክትከፍት ድረስ አይገባም። ቤት ስትከራይ የአንድ ወይም የሁለት ወር ኪራይ መያዣ ይጠይቁሃል፤ ጀርመን ውስጥ እስከ ሦስት ወር ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ለጉዞና ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የሚሆን ገንዘብ ከወዲሁ ካላገኘህ ገና ከጅምሩ ባለዕዳ ነህ። ቅድሚያ ክፍያ ይሰጡ እንደሆነ አስተባባሪውን በኢሜይል ጠይቅ፤ የሚሰጡ አሉ።

ለቤተሰብህ የምንመክርህ ቃል «ስድስት ወር አልልክም፤ ከዚያ የአንዷን እህቴን ወጪ እሸፍናለሁ» የሚል ነው። በየወሩ የተቆራረጠ ገንዘብ ለሁሉም ከማዳረስ ለአንድ ጉዳይ መክፈል ሂሳቡም ይያዛል፣ ቅሬታውም ያንሳል። ከመነሳትህ በፊት ለእህትህ ወይም ለወንድምህ ውክልና ስጥ፤ ዋናው ዲግሪህ ያልወጣ ከሆነ ከሬጅስትራር የሚቀበልልህ፣ የጎደለ ሰነድ የሚልክልህ ያስፈልግሃል። ውጭ ሆነህ ውክልና መላክ በኤምባሲ በኩል ስለሆነ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። የሁሉንም ሰነድ ስካን በኢሜይልህ አስቀምጥ፣ ዋናዎቹን ግን በእጅ ሻንጣህ ያዝ፤ ጭነት ውስጥ አታስገባቸው።